አቋርጠዋል ብዬ የፈረምኩባቸው ልጆች

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰመራ ለሥልጠና ስሄድ ነው። እኔ ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ «ጭንቅላትሽ ወንፊት ነው» እያለ ያበሽቀኛል። ይቺን ግን አልረሳኋትም። በሕይወቴ በጣም ያፈርኩበትና በጣም የተደሰትኩበት ነገር ተከታትለው የመጡት በዚያ ሰሞን ስለሆነ የምረሳትም አይመስለኝም።

ዘሀራ እባላለሁ። ቤተሰቦቼ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ስምንት ዓመት ሂሳብ አስተማርኩ። ከዚያ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባሁና የዕቅድና በጀት ባለሙያ ሆንኩ። እዚያም አላበቃሁም። ለምን እዋሻለሁ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መሆን እፈልግ ነበር። ስተኛም ስነሳም የማስበው እሱን ነበር።

እኛ ጋ ለኃላፊነት የታጨ ሰው ሰመራ ሄዶ የትምህርት ቤት ፋይናንስ ሥልጠና ይወስዳል። አምስት ቀን ነው። በመጨረሻው ቀን የገዛ ወረዳውን በጀት ይዞ ገምጋሚዎች ፊት ይቆማል። ካሳመነ ያልፋል። ካላሳመነ በሌላ ጊዜ አንድ ዕድል ብቻ ይሰጠዋል። ሁለተኛም ከወደቀ በቃ፣ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል።

እኔ የመጀመሪያውን ዕድል ቀደም ብዬ አቃጥዬዋለሁ። «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብለው ሲጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ «ካለፈው ዓመት በጀት ላይ አሥር በመቶ ጨምሬ ነው» አልኩ። «ያለፈው ዓመትስ ከየት መጣ?» «ከካቻምናው ላይ አሥር በመቶ ተጨምሮ።» አዳራሹ በሳቅ አወካ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ «የሂሳብ አስተማሪ ናት አሉ እኮ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ስለዚህ የባለፈው ዓመቱ ጉዞ የመጨረሻዬ ነበር። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሸመደድኩት። መደበኛ በጀት፣ ድጎማ፣ የበጀት ዝውውር፣ ምን ቀረኝ! የወረዳችንን በጀት ደግሞ በአረንጓዴ ክላሰር አድርጌ፣ ገጹን በቀለም ለያይቼ አሳመርኩት። ክላሰሩ ሲያምር! ውስጡ ያሉት ቁጥሮች ግን፣ ያ አላህ ይቅር በለኝ፣ አሁንም የዱሮዎቹ ነበሩ። አሥር በመቶ የሚለውን ወደ አሥራ ሁለት ቀየርኩትና የምመልሰውን ቃል አሳመርኩ እንጂ ሌላ የነካሁት የለም።

እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። አባ ያዮ ይባላሉ፤ በወረዳችን ውስጥ ራቅ ካለች ቀበሌ የመጡ ከብት አርቢ ናቸው። ሎግያ ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ነበር የሚሄዱት። አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። እኔ ክላሰሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ መሸምደዴን ቀጠልኩ።

«ዱዓ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አይ አባ፣ በጀት ነው።»

«እሱም ዱዓ ያስፈልገዋል» አሉ ፈገግ ብለው።

ገዋኔን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጎማ ፈነዳ። ቅያሪው ጎማ ሲወርድ እሱም ነፋስ የለውም! ረዳቱ የጭነት መኪና ለምኖ ጎማውን ይዞ ወደ ገዋኔ ተመለሰ። እኛ ከአንዲት ግራር ሥር ተኮለኮልን። ፀሐዩ በየካቲት እንኳ አይምሬ ነው። እኔ በሾፌሩም በጎማውም እየተናደድኩ፣ ሰዓቴን በየደቂቃው እያየሁ ነው።

በዚህ መሀል ግመል የሚነዳ አንድ ሰው መጣ። አባ ያዮን ሲያይ ግመሎቹን አቆመ፤ እጅ ለእጅ ተሳሳሙና ጥላው ሥር ቁጭ ብለው ዳጉ ጀመሩ።

ዳጉን የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ብሎ ብቻ አያልፍም። ከመጣህበት አገር ዝናቡ እንዴት ነው፣ ሣሩስ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ሁሉም ይጠየቃል። የሚመልሰው ሰው ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ሰማሁ» ብሎ ይለያል። ከሰማም ከማን እንደሰማ፣ መቼ እንደሰማ ይናገራል። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሚቀበለው አያገኝም።

እኔ እዚያው ያደግኩ ስለሆንኩ ዳጉ ሲባል አዲስ ነገር አልሆነብኝም። አፋርኛም መጠነኛ እችላለሁ። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ልብ ብዬ አዳምጬ አላውቅም፤ ምን ላድርግ፣ ሌላ ሥራ የለኝ! ሰውየው ስለ አንድ የሣር ቦታ ሲናገር አባ ያዮ አራት ጊዜ አቋርጠው ጠየቁት። ራስህ ነው ያየኸው? ስንት ቀን ሆነው? ብቻህን ነበርክ? ከዚያ በኋላስ ሌላ ከብት ገብቶበት እንደሆነ በምን አወቅህ? ሰውየው ምንም ሳይሰለች ሁሉንም መልሶ፣ ግመሎቹን እየነዳ ሄደ።

አባ ያዮ ወደኔ ዞሩ። «አሁን ያንቺን ንገሪኝ» አሉኝ።

«የኔን ምን አባ?»

«ደብተርሽን። ከጠዋት ጀምሮ ታነቢዋለሽ። ምን ይላል?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን፣ ልምምድም ይሆነኛል ብዬ ከፈትኩላቸው። የሳቸው ቀበሌ ትምህርት ቤት ያለበትን ገጽ አወጣሁና «ለትምህርት ቤታችሁ የውሃ ቦቴ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አሥር ወር ሙሉ» ብዬ በኩራት አነበብኩ።

«አየሽው?»

«ምኑን?»

«ቦቴው ሲመጣ።»

«አላየሁም። ደረሰኙን ግን አይቻለሁ።»

«እኔ ቦቴውን አይቻለሁ» አሉ። «ይመጣል። ሾፌሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ቀርቶ አያውቅም። ሮቶውን ሞልቶ ይሄዳል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ግን ያንን ውሃ የሚጠጣው ዘበኛውና የዘበኛው ፍየሎች ናቸው።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ከኛ ጋር ናቸዋ! እኛ ከከብቱ ጋር ነን። ከብቱ ሣር ካለበት ነው፤ ወንዝ ዳር ወርደናል።»

ገጹን ገለጥኩ። እዚያው ትምህርት ቤት ሥር «ያቋረጡ ተማሪዎች» የሚል ዝርዝር አለ። አርባ አንድ ስም። ከሥሩ የኔ ፊርማ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ እየተላከልኝ፣ እየፈረምኩ ወደ ላይ ያሳለፍኩት ዝርዝር ነው።

«አባ፣ እነዚህ ልጆች ትምህርት አቋርጠዋል እኮ ነው የሚለው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሪፖርቱ።»

«ሪፖርቱን የጻፈው ሰው አይቶ ነው ሰምቶ?»

ፊርማዬን በመዳፌ ሸፈንኩት። እሳቸው ግን አልተቆጡም። እንደ ግመል ነጂው ሁሉ ረጋ ብለው ነገሩኝ። መምህር አሊ የሚባለው ከሰፈሩ ሰው ጋር አብሮ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ዛፍ ሥር ያስተምራቸዋል። ሰሌዳ ስለሌለው የተጣለ የጭነት መኪና በር ዛፍ ላይ አስደግፎ በጠመኔ ይጽፍበታል። ፀሐይ ሲበረታ ጥላው ይሸሻል፤ ያኔ ልጆቹ ይበተናሉ። ውሃ ከወንዙ ስለሚጠጡ ሆዳቸውን ያማቸዋል።

እኔ እዚህ ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ ተሰማኝ። አንደኛው ሐፍረት ነው። የትምህርት ቤት ድጎማ በተማሪ ቁጥር ልክ ነው የሚላከው። እኔ አርባ አንድ ልጅ አቋረጠ ብዬ ስፈርም የአርባ አንድ ልጅ ድጎማ በገዛ እጄ ቆርጬባቸዋለሁ ማለት ነው። መምህሩ የመኪና በር ላይ የሚጽፈው በኔ ፊርማ ነው!

ሁለተኛው ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ብልጭ አለብኝ! የአራት ወሩ የቦቴ ገንዘብ እዚያው በጀት ውስጥ አለ። አዲስ ብር ከማንም መለመን አያስፈልግም። ባዶ ግቢ ለሚሄደው ውሃ የተመደበው ወደ ድንኳን፣ ወደ ተንቀሳቃሽ ሰሌዳና ወደ ውሃ ማጣሪያ ይዛወራል። ለዚህ እኮ ነው የበጀት ዝውውር የሚባለው! እንደ ዱዓ ስሸመድደው የከረምኩት ነገር ለምን እንደተሠራ የገባኝ ያቺ ግራር ሥር ነው። ወላሂ ዘልዬ ተነሳሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ጊንጥ የነደፈኝ መስሎት ደነገጠ።

ጎማው እስኪመጣ ድረስ አባ ያዮን አለቀቅኳቸውም። ስለማውቀው ቀበሌ ሁሉ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም የማያውቁትን «አላውቅም» እያሉ፣ የሚያውቁትን ነገሩኝ። በእርሳስ ከየቁጥሩ ጎን «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «አላውቅም» እያልኩ ጻፍኩ። ያ ቆንጆ ክላሰር ጭረት በጭረት ሆነ። ሎግያ ሲወርዱ እጃቸውን ስሜ ተለየኋቸው።

ሥልጠናው ከሰኞ ጀመረ። አሰልጣኛችን ወይዘሮ ፋጡማ የሚባሉ የፋይናንስ ባለሙያ ናቸው፤ አፋር ናቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ግን የሚያስፈሩ። መጀመሪያ በወደቅኩበት ጊዜም ከገምጋሚዎቹ አንዷ እሳቸው ነበሩ። እኔ አምስቱን ቀን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጄን ሳላወርድ ከረምኩ። በመጀመሪያው ዙር አሰልቺ የነበረው ሁሉ አሁን እንደ ወሬ ይጥመኝ ጀመር። ወጪ በተማሪ ሲባል የመኪና በሩ ይታየኛል። ሪፖርት ሲባል የዘበኛው ፍየሎች ይመጡብኛል።

ዓርብ ተራዬ ከመድረሱ በፊት አብሮኝ የሚሠለጥን አንድ የሌላ ወረዳ ሰው ክላሰሬን አየና ሳቀ። «አንቺ ሴት አብደሻል? ሰማሁ ብለሽ ልታቀርቢ ነው? አየሁ በይና ተገላገይ። ማን ወንዝ ዳር ወርዶ ያጣራል?» አለኝ።

ሳልዋሽ ልናገር፣ ፈተነኝ። የመጨረሻ ዕድሌ ነው። አየሁ ብል ማንም አያውቅብኝም። ላጲስ እንኳ ይዤ ነበር። ግን የእነዚያን ልጆች ድጎማ ያስቀረባቸው ያው ያላዩትን አየሁ ማለት አይደለም እንዴ? ስሜን ሲጠሩ ላጲሱን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ተነሳሁ።

የከተማውን ትምህርት ቤቶች በዓይኔ ስላየኋቸው ያለ ችግር አቀረብኩ። የአባ ያዮ ቀበሌ ጋ ስደርስ «ይህን አላየሁም። ሰምቻለሁ» አልኩ።

አንደኛው ገምጋሚ መነጽራቸውን አወረዱ። «እህቴ፣ በጀት ላይ ሰማሁ የሚባል ነገር አለ እንዴ? ሠርግ ቤት መሰለሽ?»

ሰው ሳቀ። ያው ሳቅ! ወይዘሮ ፋጡማ ግን አልሳቁም።

«ከማን ሰማሽ?» አሉኝ።

«አባ ያዮ ከሚባሉ የዚያው ቀበሌ ሽማግሌ።»

«መቼ?»

«እሑድ፣ ገዋኔን እንዳለፍን።»

«እሳቸውስ አይተው ነው?»

«አዎ፣ እዚያው ነው የሚኖሩት። ልጆቹን በየቀኑ ያያሉ።»

ከገምጋሚዎቹ ጋር ተንሾካሾኩ። ከዚያ ቀና ብለው «አላሳለፍንሽም። አልጣልንሽምም። ስምንት ቀን አለሽ፤ ሂጂና አይተሽ ነይ» አሉኝ። ሌሎቹ ምስክር ወረቀት ይዘው ፎቶ ሲነሱ እኔ ባጃጅ ይዤ ወደ መናኸሪያ በረርኩ። ደስ ብሎኛል ልበል፣ ፈርቻለሁ ልበል፣ ራሴም አላወቅኩትም። አባ ያዮ ተሳስተው ቢሆንስ? ልጆቹ በዚህ መሀል ሌላ ቦታ ሄደው ቢሆንስ?

አዋሽ አንድ ቀን ብቻ አድሬ፣ የቢሮውን ሞተር ሳይክል ከነሾፌሩ ለምኜ ወደ ወንዙ ወረድን። መንገድ አትሉት! አቧራው ሻሽ ተከናንቤ እንኳ ቅንድቤን ሳይቀር አነጣው። መጀመሪያ ያየሁት ከብት ነው። ቀጥሎ ጎጆዎቹን። ከዚያ ከትልቅ ዛፍ ሥር አንድ ሰማያዊ የመኪና በር፣ በላዩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የማባዛት ሰንጠረዥ።

መምህር አሊ ሲያየኝ ክው አለ። ሥራውን ትቶ ጠፋ ሊሉብኝ መጡ ብሎ ነው። «አትፍራ፣ ልቆጥራቸው ነው የመጣሁት» አልኩት።

ከቦርሳዬ ያቋረጡትን ዝርዝር አወጣሁ። የመጀመሪያውን ስም ጠራሁ።

«አለሁ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ሁለተኛውን ጠራሁ። «አለሁ!» ሦስተኛውን። «አለሁ!» ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው እየተነሱ፣ እየሳቁ፣ እየጮሁ ይመልሳሉ። እናቶች ከየጎጆው ወጡ። እኔ ስም በጠራሁ ቁጥር እንባዬ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ። ደግሞ እኮ እየሳቅሁ ነው! አቋረጠ ብዬ የፈረምኩበት ልጅ ፊቴ ቆሞ ጥርሱን እያሳየኝ «አለሁ» ይለኛል።

ሠላሳ ስምንት ስም «አለሁ» አለ። ሦስቱ አልመለሱም። ደግሜ ጠራኋቸው። መምህር አሊ ራሱን ነቀነቀ፤ ከክረምት ጀምሮ አላያቸውም።

በሰባተኛው ቀን ሰመራ ወይዘሮ ፋጡማ ቢሮ ገባሁ። ልጆቹን ከመኪናው በር ጋር ያነሳሁትን ፎቶ፣ የዝውውር መጠየቂያውን ደብዳቤ፣ ዝርዝሩን ከነክላሰሩ፣ ሁሉንም ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩት። «ሠላሳ ስምንቱን በዓይኔ አየኋቸው!» አልኩ። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ሳልቀመጥ ቆሜ ነው የማወራው።

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ወረዱበት። ሳይፈግጉ «ሦስቱስ?» አሉኝ።

ያን ሁሉ መንገድ ስመጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «አላየኋቸውም» አልኩ። «የት እንዳሉም አልሰማሁም። አላውቅም።»

ክላሰሩን ዘጉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። «አልፈሻል» አሉኝ።

ወላሂ፣ ቢሯቸው ውስጥ እልል አልኩ! ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አየችን። ወይዘሮ ፋጡማ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

አሁን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ዝውውሩ ተፈቅዶ ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ ድንኳኑ ወንዝ ዳር ተተክሏል። ማጣሪያውም ሰሌዳውም አለ። የመኪናውን በር ግን ልጆቹ አናስወስድም ብለው አሁንም እዚያው ነው። ቢሮ ገብቼ አዲስ የበጀት ቅጽ ስከፍት፣ ሰው ይሳቅብኝ እንጂ፣ አሁንም ልቤ ይዘላል። በየቁጥሩ ጀርባ «አለሁ» የሚል ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል።

ከሦስቱ ልጆች ሁለቱን አግኝቻቸዋለሁ፤ ገዋኔ አጎታቸው ጋ እየተማሩ ናቸው፣ ክፍላቸው ድረስ ገብቼ አየኋቸው። ሦስተኛዋ መዲና ትባላለች። አባቷ በጅቡቲ መንገድ ላይ ዲቾቶ የጭነት መኪና የሚቆምበት ጋ ሥራ ይዞ፣ እሷም እዚያ ናት ሲሉ ከአንድ ሾፌር ሰምቻለሁ። ከስሟ ጎን የጻፍኩት «ሰማሁ» ብቻ ነው፤ ያቺን ቃል ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። የፊታችን ቅዳሜ ወደ ዲቾቶ የሚሄድ መኪና ቀጥሬያለሁ።